የካርቲዬ ሁለቱ መንገድ ለምን ጎበጠ

የፈላ ሬንጅ ሲሸታቸው አፍንጫቸውን የሚይዙ ሰዎች አሉ። እኔ ቆሜ እስበዋለሁ። በቅርቡ እዚሁ ሰፈራችን ካርቲዬ ሁለት፣ ዋናውን መንገድ ሊያሰፉና ሊያቃኑ መጥተው ሲቆፍሩ፣ ሲደለድሉ፣ አስፋልት ሲያፈሱ፣ እኔ በየጠዋቱ የፕላስቲክ ወንበሬን ይዤ የጎረቤት ሱቅ ጥላ ሥር ነበር የምውለው። ልጄ «አባዬ፣ እዚያ ጭስ ውስጥ ምን ትሠራለህ?» ትለኛለች። «ሥራውን እየተቆጣጠርኩ ነው» እላታለሁ። ውሸት አይደለም። የእኔን ያህል ትርፍ ጊዜ ያለው ተቆጣጣሪ መንግሥት ቢፈልግም አያገኝም።

ከተማችን ጅቡቲ ሩጫ ላይ ናት። ጥርሴን ለማሳየት ሐኪም ቤት ደርሼ ስመለስ አንድ ፎቅ ተጨምሮ አገኛለሁ። በጎልማሳነቴ ከከተማው ዳር ያለው ባልባላ ማለት ድንጋይና ፍየል ነበር፤ ዛሬ የልጅ ልጄ እዚያ ቤት ሠርታ፣ አያቷን «ከዚያ ከተጨናነቀ ሰፈር ውጣ» ትለዋለች። ከወደቡ ወደ አገር ቤት የሚጭኑት ከባድ መኪናዎች አንዱ የሌላውን ጭራ ይዞ ሲሄድ ማለቂያ የላቸውም። ባቡር ጣቢያውንም ከከተማ ውጭ ናጋድ ወስደውታል። ባቡር ለመሳፈር መጀመሪያ ታክሲ መሳፈር ያስፈልጋል። እኔ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ይህን ሳያይ መሄዱ ደግ ሆነ እላለሁ።

እንዲህ ስል ግን መንገድ ሲሠራ ከሚራገሙት ሽማግሌዎች አይደለሁም። ድሮ ከባልባላ ምጥ የያዛት ሴት ከተማ እስክትደርስ ልጁ ስም ይወጣለት ነበር። አሁን መኪናው ሽው ብሎ ያደርሳታል። የእኔ ጠብ ከመንገዱ ጋር ሳይሆን ከራሴ ጉልበት ጋር ነው። አንድ ቀን ወደ ልጅ ልጄ ስሄድ ታክሲው በተቃራኒው በኩል አወረደኝና፣ ሰፊውን መንገድ እሻገራለሁ ብዬ መሐሉ ላይ ካለው የሲሚንቶ ግንብ ወጥቼ እዚያው ቀረሁ። በግራም በቀኝም መኪና። ሁለት ፍየሎች አጠገቤ ደርሰው ትንሽ አዩኝና ተሻገሩ። እኔን በመጨረሻ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ልጅ እጄን ይዞ አሻገረኝ። ፍየሎቹን ማንም አልያዛቸውም።

ወደ ሰፈራችን መንገድ ልመለስ። ሥራውን የምትመራው ሆዳን የምትባል ወጣት መሐንዲስ ናት፤ የዚሁ አገር ልጅ፣ ትሁትና ፈጣን። አንድ ጠዋት ወረቀት ዘርግታ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ትከራከራለች። በድሮው ፕላን ላይ መንገዱ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው፤ መሬት ላይ ግን እዚህ ጋ ሲደርስ ሆዱን ነፍቶ ዞር ይልና ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄዶ እንደገና ይቃናል። ለምን? አንደኛው የውኃ ጉድጓድ ኖሮ ይሆናል አለ። ሌላው የሼህ መቃብር ይሆናል አለ። እሷ ወደ እኔ ዞር አለችና፣ «አዴር፣ አንተ እዚህ ነው ያደግከው። እዚህ ቦታ ላይ ምን ነበረ?» አለችኝ። አዴር ማለት በሶማልኛ አጎቴ ማለት ነው።

«ረሳሁት» አልኳት።

አልረሳሁም። ግን በዚህ ዕድሜ ጋቦዴ እስር ቤት መግባት አላማረኝም። ስልሳ ዓመት ያለፈው ነገር ነው፣ ማን ይጠይቀኛል? ቢሆንም አፌ እምቢ አለኝ። ወንበሬን አጥፌ ወደ ቤት ገባሁ። መንገዱን ያጎበጥኩት እኔ ነኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፈረንሳዮቹ ገና አገሩን የያዙበት ጊዜ ነው፤ የሙቀቱ ወራት መጥቶ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ካምሲን ተነሥቷል። ካምሲን ከበረሃው የሚመጣው ነፋስ ነው፤ እኔ ግን ያኔ ሰው ይመስለኝ ነበር። እናቴ «ካምሲን መጣ፣ በሩን ዝጉት» ስትል፣ አንድ ዓይኑ የቀላ፣ ጆንያ የተሸከመ ሰውዬ በየቤቱ አሸዋ እየበተነ ሲዞር ይታየኛል። አንድ ቀን በሳንቃው ቀዳዳ «ዛሬ እኛ ጋ በትነሃል፣ ሂድ» ብዬ ጮኼ፣ ከውጭ ያለፈው የመናዊ ዓሣ ሻጭ ተቀይሞን ለሳምንት ሳይመጣ ቀረ።

ቤታችን የሳንቃ ነበር፤ የሰፈሩ ቤት ሁሉ እንደዚያ ነው። ከመርከብ የወረደ የሣጥን እንጨት፣ ካረጀ ሐዲድ ሥር የወጣ አጋዳሚ፣ ላዩ ላይ ቆርቆሮ። መሠረት የሚባል ነገር የለውም፤ አራት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው የሚኖረው። አባቴ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ዘይትና የጋለ ብረት እየሸተተ ይመጣል። ለእሱ በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት አገር ብቻ ነው ያለው፤ ሐዲድ የደረሰበትና ሐዲድ ያልደረሰበት።

ከእኛ ቀጥሎ ያለው ቤት የእትዬ ብርቄ ነው። ባሏ የባቡር ፍሬን ያዥ ነበር፣ ሞቷል። እሷ የጣቢያውን ሹማምንት ነጭ ሸሚዝ እያጠበች፣ በአሚዶ እየነከረች፣ በከሰል ካውያ እየተኮሰች ነው የምትኖረው። በቤቷ ደጃፍ ሲያልፉ የጋለ ጨርቅና የአሚዶ ሽታ ይመጣል፤ ዳቦ እየተጋገረ ይመስለኝና ሆዴ ይጮኻል። አየለ የሚባል አንድ ልጅ አላት። እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ በአሥራ ሰባት ዓመቱ የሸቀጥ መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ተቀጥሮ ሄደ። «አየለ የት ነው?» ስል «መርከብ ላይ ነው» ይሉኛል። ያን ሁሉ ዓመት መርከቡ ጣራ ላይ ቆሞ የሚኖር ይመስለኝ ስለነበር፣ ለምን አንድ ጊዜ እንኳ አይወርድም እያልኩ እበሳጭበት ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ መርከበኛ መልእክት አምጥቶላት ነበር፤ ሙቀቱ ሲበርድ አየለ ይመጣል ብሎ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ብርቄ ስትተኩስ ታንጎራጉራለች።

እንግዲህ ችካሎቹ የመጡት በዚያን ጊዜ ነው።

አንድ ፈረንሳዊ ቀያሽ ባለ ሦስት እግር መነጽሩን ይዞ መጣና፣ በሁለቱ የቤት ረድፎች መካከል ባለው ባዶ መሬት ላይ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያይ፣ እጁን ሲያወዛውዝ፣ ችካል ሲያስመታ ሰነበተ። ችካሎቹ ክንድ የሚያህሉ፣ አናታቸው ቀይ የተቀባ ናቸው። ባዶውን መሬት መሐል ለመሐል ይዘው ሄዱ፤ የማንንም ቤት አልነኩም። አባቴ ከሥራ መጥቶ አያቸውና ፊቱ በራ።

ሐዲድ ነው፣ አለ። ጥርጥር የለውም፣ ሐዲድ ሊመጣ ነው። ለጎረቤቱም ነገረ። በሰፈሩ ያለነው አበሾች ሁሉ የምድር ባቡር ቤተሰብ ስለሆንን፣ መሬት ላይ ችካል ተመትቶ ሌላ ነገር ይመጣል ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ማታ በእራት ላይ አባቴ ስለ አያቴ ነገረን። ድሬዳዋ ላይ ሐዲዱ በጎጆው ላይ ሲያልፍ ኩባንያው ጎጆውን አፍርሶ የድንጋይ ቤት፣ ባለ በረንዳ፣ ሰጠው። ሐዲድ የነካው ሰው ይነሣል እንጂ አይወድቅም አለን። ከዚያ የእኛን የሳንቃ ቤት ግድግዳ በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ ትንሽ ወዲህ ቢል ኖሮ፣ አለና ተነፈሰ።

እሱ ተንፍሶ ተኛ። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ትንሽ ወዲህ ማለት ስንት ነው? አሥር እርምጃ? ባለ በረንዳውን ቤት አየሁት። በረንዳው ላይ ከእኔ በቀር ማንም አይቀመጥም።

ጅቡቲ በቀትር ትሞታለች። ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፣ ሰውም ውሻም ይተኛል። በማግስቱ ቀትር ላይ ካምሲን አቧራውን አንሥቶ ሦስት እርምጃ ወዲያ የማያሳይ ሲሆን፣ እናቴ ስታንኮራፋ ጠብቄ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ችካል እንደ ጥርስ እያወዛወዝኩ ነቀልኩት። ወደ ቤታችን አምጥቼ በድንጋይ መትቼ ተከልኩት። ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም እንደዚያው። አራተኛው ጠንካራ ነበር፤ ብዬ ብዬ እምቢ አለኝ። ከዚያ መስመሩ ቀጥ ማለቱን ለማረጋገጥ እንደ ቀያሹ ጎንበስ ብዬ አነጣጠርኩ። ችግሩ አንድ ዓይን ብቻ መጨፈን አልችልም ነበር። ሁለቱንም ጨፈንኩ። ቀጥ ያለ መሰለኝ።

ቀጥ አላለም። አቧራው ሲወርድ ሄጄ አይቼ ቢሆን ኖሮ ችካሎቼ የእኛን ቤት በሁለት ክንድ ስተው የእትዬ ብርቄን ቤት መሐል ለመሐል ሲወጉት አገኛቸው ነበር። ግን አልሄድኩም። ሥራዬን ጨርሻለሁና ገብቼ ተኛሁ። መሐንዲስ እንዲህ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሠራተኞቹ መጡ። ቀያሹ ፈረንሳይ ሄዷል፤ ሹማምንቱ በሙሉ በሙቀቱ ወራት አገራቸው ሄደው በጥቅምት ነው የሚመለሱት። ሥራውን የተረከበው ሳሌም የሚባል የየመን ሰው ነው፣ ቀጭን፣ ቁጥብ። ችካሉን ተከትሎ ሲባጎ እየወጠረ መጣና እኛ ሰፈር ሲደርስ ቆመ። ጭንቅላቱን አከከ። ወደ ኋላ ሄዶ አየ፣ ወደ ፊት ሄዶ አየ። ፈረንሳዩ ያጎበጠውን እኔ አላቃናም ሲል ሰማሁት። ከዚያ የእትዬ ብርቄን በር አንኳኳ።

አሥር ቀን ሰጧት። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ ካሣ የለም፤ ቤቱን አፍርሳ ሌላ ቦታ ትትከል ተባለ። ሐዲድ እንዳልሆነም የተነገረን ያኔ ነው። ለመኪና የሚሆን የአስፋልት መንገድ ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ ቤቱን ካጣችው ሴት ይልቅ እሱ ሐዘን የተቀመጠ ነበር የሚመስለው። «መንገድ» አለ፣ ደገመው፤ «የመኪና መንገድ።» ቢሆንም በማግስቱ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ካለው የመንግሥት ቢሮ ሄደላት። ጸሐፊው ካለ ቀያሹ አንድም ችካል መንካት አይቻልም፣ በጥቅምት ይመለሱ አለው። በጥቅምት መንገዱ አልቆ ይሆናል ሲለው፣ እንግዲያውስ ምን ቸኮላችሁ አለው።

ካለ ቀያሹ አንድም ችካል መንካት አይቻልም! አባቴ ይህን ሲያወራ እኔ ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። አንደኛው ጊዜ እናቴ ዳቦ አጎረሰችኝ። ሁለተኛው ጊዜ ራሴ ዘጋሁት። ቀትር ላይ ችካሎቹን ልመልስ ወጣሁ፤ ሠራተኞቹ ግን ከሥራቸው ጠጠር ከምረውባቸዋል፣ ዘበኛም ቆሟል።

ጎረቤቱ ተሰብስቦ እትዬ ብርቄን አረጋጋት። ርቀቱ ምንም አይደለም፣ ከእኛ ቤት ጀርባ ባዶ ቦታ አለ፣ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ሳንቃውን አፍርሰን እንሠራልሻለን አሏት። እሷ ሸሚዝ እየተኮሰች ነው የምትሰማቸው። ካውያውን አስቀመጠች።

«አርባ እርምጃ ይሁን አርባ አገር፣ እኔ ግድ የለኝም» አለች። «ልጄ ቤቱን እንጂ ሰፈሩን አያውቅም። በሩን ያጣ እንደሆነ አይጠይቅም። እናውቀዋለን፤ አባቱም መንገድ ጠፍቶት ይሞታል እንጂ ሰው አይጠይቅም ነበር። እናቴ ሞታለች ይላል፣ ወደ መርከቡ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ የት አገኘዋለሁ?»

 እሷ መጻፍ አትችል፣ እሱ ማንበብ አይችል፤ የመርከቡንም ስም አታውቀው። ያን ምሽት ትኩሳት ያዘኝ አልኩና ተኛሁ። እናቴ ግንባሬን ነክታ ደህና ነህ አለች። እናት ሁልጊዜ አታውቅም።

የመፍትሔው ግማሽ ከአባቴ መጣ። ቤቱን ማፍረስ የለብንም፣ እናነሣዋለን አለ። ሐዲድ ጠጋኞች ሠላሳ ክንድ ብረት እያነሡ ሲያሳልፉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። በእሑድ ንጋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ አባቴ ጓደኞቹን ይዞ መጣ። አበሻ አለ፣ ሶማሌ አለ፣ አፋር አለ፣ ዓረብ አለ። ድጅኖ እያስገቡ አራቱን ማዕዘን ቀስ አድርገው ከድንጋዩ አስለቀቁት፤ ረዣዥም ግንድ ከሥር አሳለፉ። ሁሉ ሲዘጋጅ እትዬ ብርቄ አልወጣም አለች። የልብስ ሣጥኗ ላይ ተቀምጣ ካውያዋን ጭኗ ላይ አድርጋለች። አባቴ በበሩ ብቅ ብሎ አያት።

«ይቀመጡ፣ እትዬ» አላት። «እርስዎ ከአንድ ሐዲድ አይከብዱም።»

አለቃቸው ጮኸ። ፈረንሳዮቹ ከባድ ነገር ሲያነሡ «ኦ ኢስ» ይላሉ፤ የእኛዎቹ ያንን ከ«አሆ» ጋር አጋብተው የራሳቸው ዜማ አውጥተውለታል። ኦ ኢስ፣ አሆ። ቤቱ ተነሣ። እንዴት እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም፤ ሃያ ስምንት ጥንድ እግር ያለው ቤት ሲሄድ አይቻለሁ። ጢም ያለው የአፋር ሰውዬ እየሳቀ ነው፤ አባቴ የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ሰሃን ይንኳኳል፣ ቆርቆሮው ያቃስታል። ከውስጥ የእትዬ ብርቄ ድምፅ ይመጣል፦ ወደ ግራ አታዘንብሉብኝ፣ አሚዶው ይፈሳል። አራት ጊዜ አርፈው አዲሱ ቦታ አስቀመጡት። አሚዶው አልፈሰሰም።

አሮጌው ቦታ ላይ የቀረው አራት ድንጋይና፣ ስንት ዓመት ሙሉ የተጠረገ፣ ከአካባቢው መሬት የነጣ አራት ማዕዘን ነው። እትዬ ብርቄ ወጥታ እሱን አየች። ለምስጋና ሻይ አፍልታ ሁሉንም ካጠጣች በኋላ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የሰፈሩን ሰው ቃኘች።

«እዚህ የሚቆም ሰው ያስፈልገኛል» አለች። «ሥራ የሌለው።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሷ ግን ቀድሞውኑ እኔን እያየች ነው። «ታዴ አለ አይደል» አለች። ታደሰ ነው ስሜ። «ትምህርት ቤት እስኪከፈት ታዴ ይቁምልኝ። አንድ መርከበኛ መጥቶ ቤት ጠፍቶት ቆሞ ካየኸው ይዘህልኝ ና።» እስከ ዛሬ የማላውቀው ነገር ያንን ቀትር በሳንቃው ቀዳዳ አይታኝ ይሆን ወይስ በእርግጥ ከሰፈሩ ሥራ ፈት እኔ ብቻ ሆኜ ነው። ሁለቱም ያስኬዳል።

ቆምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የሠራሁት ሥራ የለም። ጠጠሩ ሲደለደል ቆሜያለሁ፣ ሬንጁ በበርሜል ሲፈላ ቆሜያለሁ። ሰውነቴ ሁሉ ሬንጅ ሬንጅ ይል ነበር። ልጆቹ ሁሉ ከዳር የረጋውን ሬንጅ እንደ ማስቲካ እናኝከዋለን፤ ጥርሳችን ጠቁሮ ስንስቅ አሮጊት እንመስላለን። መንገዱ ሲያልቅ ባዶ እግር የሚረግጠው አልነበረም። ቀን ላይ ይለሰልስና ጫማ ይይዛል።

አየለን አላውቀውም ነበር። ረጅም፣ እንደ ሸምበቆ ቀጭን፣ ፊት ጥርሱ ፍንጭት ነው ብለውኛል። እኔ ግን በጸጸትም በችኮላም የቆመውን ሰው ሁሉ እየጎተትኩ አመጣላት ጀመር። መጀመሪያ ያመጣሁት አንድ የግሪክ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነው፤ የቆመው ሲጋራ ሊለኩስ ነበር። ሁለተኛው የጀልባ ሰው፣ የመናዊ፣ ዕድሜው ከእሷ የሚበልጥ። ሦስተኛው አንድ የማዳጋስካር ወታደር ነው፣ እሱስ እጄን ይዞ ነው ደስ ብሎት የመጣው። እትዬ ብርቄ ደጅ የመጣ ሰው ሳይበላ አይመለስም ባይ ናት። ለሦስቱም ምስር በሩዝ አቀረበችላቸው። ግሪኩ ደግሞ ጠየቀ። ወታደሩ በማግስቱ ሳልጠራው መጣ።

ከዚያ ተቆጣችኝ። «ስማ፣ ታዴ። የእኔ ድስት የወደብ ምግብ ቤት አይደለም። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ፍንጭት ነው ብዬሃለሁ። ከእንግዲህ አየለን ካልሆነ ማንንም እንዳታመጣብኝ።»

ካምሲን ጆንያውን ጠቅልሎ ሄደ። ነፋሱ ከባሕር በኩል መምጣት ጀመረ፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ቀን ቀርቷል። አንድ ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አንድ ወፍራም ሰው በአስፋልቱ መጣ። ባርኔጣ አድርጓል፣ የካርቶን ሻንጣ ይዟል፣ ጫማው ያብለጨልጫል። እኔ ያለሁበት ቦታ ሲደርስ ቆመ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። አስፋልቱን አየ።

ቀጭን አይደለም። አፉን ስላልከፈተ ጥርሱ አይታይም። የእትዬ ብርቄ ቁጣ ጆሮዬ ውስጥ ነበርና አልጎተትኩትም። ሬንጄን እያኘክሁ አየሁት። ሰውየው ለረጅም ጊዜ ቆመ። አጠገቤ ነበር፣ ዞር ብሎ ሊጠይቀኝ ይችል ነበር፤ አልጠየቀኝም። ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ራመደና፣ ለጥ ባለው አስፋልት ላይ፣ ምንም በሌለበት፣ ቀኝ እግሩን ከፍ አድርጎ አንሥቶ አንድ ነገር ተሻገረ።

የእትዬ ብርቄ በር ደፍ ከፍ ያለ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ጎርፍ እንዳይገባ ባሏ ነው ያስነሣው። እዚያ ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ እግሩን እንደዚያ ማንሣት ነበረበት። ሰውየው የሌለውን ደፍ ተሻግሮ፣ የሌለው ቤት ውስጥ ትንሽ ቆመ። ባርኔጣውን መልሶ ደፋና ሻንጣውን አንሥቶ ወደ ወደቡ አቅጣጫ መሄድ ጀመረ።

ሮጥኩ። አንድ ጫማዬን ሬንጁ ያዘብኝ፣ ትቼው ሮጥኩ። ኮቱን ያዝኩት።

«እናትህ አልሞተችም» አልኩት። «ቤቱ ነው የሄደው።»

ቁልቁል አየኝ። ያኔ አፉ ተከፈተ፤ ፍንጭት ነው። የት እንደሄደ ጠየቀኝ። እዚያ፣ ከእኛ ቤት ጀርባ አልኩት። ማን ወሰደው አለኝ። ሐዲድ ጠጋኞቹ ልለው እችል ነበር፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያን ያህል ቀን ቆሜ ደክሞኛል።

«እኔ ነኝ» አልኩት። ስለ ችካሉ፣ ስለ ባለ በረንዳው ቤት፣ ስለ ሁለቱ ዓይኖቼ፣ ሁሉንም እዚያው አስፋልቱ ላይ፣ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። እሱ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብሎ ሰማኝ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። አገጩን ሲያሻሽ ቆየና፣ «ለእሷ ነግረሃታል?» አለኝ።

አልነገርኳትም አልኩት።

«አትንገራት» አለኝ። «እኔም ለእሷ የማልነግራት ነገር አለኝ።»

ምን እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም። እጁን ያዝኩትና አርባውን እርምጃ ሄድን። እሱ ሻንጣ ይዞ፣ እኔ አንድ እግሬ ባዶ ሆኖ እየነጠርኩ።

እትዬ ብርቄ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትተኩሳለች። የእግር ድምፅ ስትሰማ ዞር እንኳ አላለችም።

«ታዴ፣ ዛሬ ደግሞ የማን አገር ሰው ነው ያመጣህብኝ?»

እሱ ደፉ ላይ አንድ እግሩን እንዳነሣ ቀረ። ስለዚህ እኔ መለስኩ።

«የእርስዎ አገር ነው፣ እትዬ።»

ዞረች። ካውያውን ሸሚዙ ላይ ትታው ዞረች። ምን እንደተባባሉ እንዳላይ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር፤ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ማየት ያሳፍረኝ ነበር፣ አሁንም ያሳፍረኛል። መጀመሪያ የሰማሁት፣ «ምን አብልተውህ ነው እንዲህ የሆንከው?» ስትለው ነው። ቀጥሎ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተን፤ የጣቢያው ሹም ሸሚዝ ጀርባ ላይ የካውያው ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሸሚዝ ማቃጠሏ ነው። አንሥታ አየችውና እንደ ሌላ ሰው ሥራ ወርውራው ወደ ድስቷ ሄደች።

ምስር በሩዙን በሰሃን ሞልታ አወጣችና እኔ ፊት አስቀመጠችው። አየለ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ እጁን ታጥቦ ይጠብቃል። እኔ በላሁ። ስጨርስ ሰሃኑን አነሣች፤ አሁን የእሱ ተራ ነው ብዬ አፌን ጠረግሁ። እንደገና ሞላችውና፣ እንደገና እኔ ፊት አስቀመጠችው። ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷ ግን ዓይኗን ከልጇ ላይ አላነሣችም። ሰሃኑን የምታስቀምጠው ሳታይ ነበር።

አየለ በዓይኑ ብላ አለኝ። ሁለተኛውንም በላሁት።